መንደሯ ባዶ፣ ቀበሌው ሙሉ፦ ስለ አንዲት የቦሰት መንደር

ጥያቄ፦ «አያቴ የተወለዱት ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚሄደው በድሮው ሀዲድ አጠገብ፣ ቦሰት ወረዳ ውስጥ ባለች ትንሽ መንደር ነው። በልጅነታቸው ባቡር ይቆምባት እንደነበር ይነግሩኛል። በደርግ ጊዜ ቤቶች በረድፍ ተሠርተው ከ100 በላይ አባወራ ይኖርባት ነበር ይላሉ። ባለፈው ጥር ለለቅሶ ስሄድ ሰው ያለበት ቤት 9 ብቻ ቆጠርኩ። ቀበሌው ግን ሕዝቡ ጨምሯል ይላል። የማንን ልመን? ሰዉ የት ሄደ? አያቴ በሕይወት ሳሉ የመንደሯን ታሪክ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ከአዳማ

ምላሽ፦ በቅድሚያ ለለቅሶ የሄዱበትን ሰው ነፍስ ይማር።

አያትዎም ልክ ናቸው፣ ቀበሌውም ልክ ነው። የማይገናኙት የሚቆጥሩት ነገር ስለሚለያይ ነው። አያትዎ የሚቆጥሩት በአንድ ቦታ ጎን ለጎን ቆሞ ያዩትን ቤት ነው። ቀበሌው በወሰኑ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ይቆጥራል። እዚያ ውስጥ የእርስዎ መንደር ከብዙ ጎጦች አንዷ ናት። መንደሯ ባዶ እየሆነች ቀበሌው ሊሞላ ይችላል። በአዳማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የገጠር አሰፋፈር ማጥናት ሥራዬ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የያዝኩትን አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። በእኛ አገር የገጠር መንደር ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ሰውን አንድ ላይ የሰበሰበው ነገር ነው። ሰዉ የሚበተነው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ «ሰዉ ለምን ሄደ?» ከማለት በፊት «መጀመሪያውኑ ምን ሰበሰበው?» ብለው ይጠይቁ። እርስዎ ከጻፉት እንደምረዳው መንደርዎን ሁለት ነገር ሰብስቧታል፤ ባቡሩና ደርግ። ሁለቱም ሄደዋል። ከዚያ የመሬት ነገር መጣ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በባቡሩ እንጀምር። ምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ። ሀዲዱ አዲስ አበባ የገባው 1909 ላይ ነው። የእርስዎ አካባቢ ሀዲድ በእነዚህ ሁለት ዓመቶች መካከል፣ ወደ መጨረሻው ላይ የተነጠፈ ነው። አያትዎ ስለ አባታቸው «ባቡሩ ሲመጣ የመጣ» የሚል ነገር ካነሱ ዘመኑን በዚህ ይለኩት።

የዚያን ጊዜ ባቡር በእንፋሎት ነበር የሚሄደው። እንፋሎት ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ተሳፋሪ ኖረም አልኖረም ባቡሩ በየተወሰነ ርቀት መቆም ነበረበት። ውሃ በሚቀዳበት ቦታ ጠባቂ ይኖራል። ሀዲድ የሚጠግኑ ሠራተኞች ይኖራሉ። ሠራተኛ ካለ ሻይና እንጀራ የምታቀርብ ሴት ትኖራለች። ትንሽ ቆይቶ ሱቅ ይከፈታል፤ በዚያ መስመር ብዙ ጊዜ ባለሱቁ የየመን አረብ ነበር። ከገጠሩ ወተት፣ እንቁላልና ከሰል ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ቦሰት ደረቅ አገር ነው። እዚያ ውሃ ያለበት ቦታ ብቻውን ሰው ይሰበስባል።

እንዲህ ያለች መንደር ትንሽ ብትሆንም ሰዉ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። ኦሮሞው አለ፣ አማራው አለ፣ ጉራጌው አለ፣ ከሐረርና ከድሬዳዋ በሥራ የመጣው አለ። አያትዎን ልጅ ሳሉ በመንደሩ ስንት ቋንቋ ይሰሙ እንደነበር ይጠይቋቸው። የተሰማው ቋንቋ አንድ ብቻ ከሆነ የገበሬ መንደር ናት፤ ባቡሩ በአጠገቧ ያልፋል እንጂ አልመሠረታትም። ሦስት አራት ቋንቋ ካሉ ባቡር ያቆማት መንደር መሆኗ አያጠራጥርም። ይህ ልዩነት ታሪኳን ሲጽፉ መነሻዎን ይወስናል።

ከ1940ዎቹ ጀምሮ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ገባ። ናፍጣ በየመንገዱ ውሃ አይቀዳም። ትንንሾቹ ማቆሚያዎች መሳሳት የጀመሩት ገና ያኔ፣ ባቡሩ ሥራውን ሳያቋርጥ ነው። ቀጥሎ አስፋልቱ መጣ። በደርግ ዘመን የአሰብ መንገድ ጭነቱን ከባቡሩ ላይ ወሰደ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የሄደው ግን በከባድ መኪና ነው። ሻይ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ አልጋ ቤቱ ሁሉ አስፋልት ዳር ሆነ። ወለንጪቲና መተሐራ ሀዲዱም አስፋልቱም ስለነበራቸው አደጉ። ሀዲድ ብቻ የነበራት መንደር ቀረች። አሮጌው ባቡር ራሱ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መሄድ ያቆመው በ2000 ገደማ ነው።

አሁን ወደ ደርግ። እዚህ ላይ ሰፋ ላድርገው፤ የእርስዎ «100 አባወራ» የመጣው ከዚህ ነውና።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ። ገበሬው በገበሬ ማህበር ተደራጀ። አዋጁ አንድ ማህበር ቢያንስ 800 ሄክታር እንዲሸፍን ይል ነበር። የዛሬዎቹ የገጠር ቀበሌዎች በአብዛኛው ከእነዚያ ማህበራት የወጡ ናቸው፤ የተዋሃደም የተከፈለም አለ። ያኔ ሰዉ ገና በየማሳው ተበታትኖ ነበር የሚኖረው።

መንደር ምስረታ፣ ማለትም የተበታተነውን ገበሬ አንድ ቦታ በረድፍ የማስፈር ዘመቻ፣ የተጀመረው ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ በባሌ ነው። በ1977 በሐረርጌ በሰፊው ቀጠለ። ከ1978 ጀምሮ ሸዋንና አርሲን ጨምሮ ወደ ሌሎች ክፍለ ሀገሮች ሄደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 12 ሚሊዮን ያህል የገጠር ሰው መንደር ገብቷል። ይህን ከሰፈራ ጋር እንዳያምታቱት አደራ። ሰፈራ በድርቁ ጊዜ ከሰሜን ወደ ምዕራብ የተወሰዱት ሰዎች ጉዳይ ነው። መንደር ምስረታ ገበሬውን ከራሱ ወረዳ አላስወጣም። ከማሳው አንስቶ አንድ ቦታ ነው የሰበሰበው።

አሠራሩን አያትዎ በደንብ ያስታውሱታል። ካድሬ ካስማና ገመድ ይዞ ይመጣል። ሜዳ ይመረጣል። ለአንድ አባወራ 1,000 ካሬ ሜትር ይለካል። ገበሬው የራሱን ቤት በራሱ እጅ አፍርሶ፣ ምሰሶውንና በሩን ተሸክሞ መጥቶ በተሰጠው ቦታ ላይ ያቆማል። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ወፍጮና የቧንቧ ውሃ ይመጣል ተብሎ ነበር። አንዳንድ ቦታ መጥቷል። ዛሬ የቆመ የገጠር ትምህርት ቤት አይተው በማን ጊዜ እንደተሠራ ቢጠይቁ የዚያ ዘመን ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ብዙ ቦታ ግን ቃል ብቻ ሆኖ ቀረ።

በሌላ በኩል ኮታ ነበር። ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ እህል ያስገባል። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ከ1975 ወዲህ ደግሞ ወጣቱ ይፈለጋል። ተበታትኖ ከሚኖር ገበሬ በረድፍ የሚኖረው ለመቁጠርም ለማፈስም ይመቻል። እኔ መንደር ምስረታን በትምህርት ቤቱ ብቻ የሚያመሰግኑትን ስሰማ ይህንን ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም። በመንደርዎ በዚያ ዘመን ሄደው ያልተመለሱ ወንዶች ካሉ ስማቸውን ይመዝግቡ። የመንደሯ ሰው መቀነስ አንዱ ክፍል እሱ ነው። በየትኛውም የቀበሌ መዝገብ ላይ አያገኙትም።

ኑሮው ራሱ አስቸጋሪ ነበር። ማሳው ሩቅ ሆነ። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ፣ በሬ እየነዱ በጠዋት ረጅም መንገድ መሄድ የግድ ሆነ። ሰብል ሲደርስ የሚጠብቅ የለም፤ ዝንጀሮውም ወፉም እንደልቡ ነው። ፍግ በበረት ይከማቻል እንጂ ማሳ አይደርስም። የመቶ አባወራ ከብት አንድ አካባቢ ሲያድር በዙሪያው ያለው ግጦሽ ያልቃል።

የካቲት 1982 ላይ መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጀ፤ ገበሬውን በመንደር የያዘው ግዴታም ላላ። ገበሬው ማንንም አልጠበቀም። እንደመጣው በሩን ነቅሎ፣ ምሰሶውን ተሸክሞ፣ ቆርቆሮ ያለው ቆርቆሮውን ገንጥሎ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። በብዙ ቦታ መንደሩ በወራት ውስጥ ነው የፈረሰው። በእኔ ግምት ከ100ው አባወራ ትልቁ ክፍል የወጣው ያኔ ነው። የሄደውም ሩቅ አይደለም፤ ወደ ማሳው፣ እዚያው ቀበሌ ውስጥ። ቀበሌው «ሰው አልቀነሰብኝም» ቢል የሚገርም አይደለም።

ይህን ማረጋገጥ ይቻላል። አያትዎን በረድፉ ግራና ቀኝ ጎረቤታቸው ማን እንደነበር ይጠይቋቸው። ቀጥሎ «ደርግ ሲወድቅ፣ በ1983፣ እነሱ የት ነበሩ?» ይበሉ። «ወደ መሬታቸው ተመልሰው ነበር» የሚለው መልስ ከበዛ ግምቴ ልክ ነው። «ናዝሬት ገብተው ነበር» የሚለው ከበዛ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን።

መሬቱ ራሱም ይናገራል። ጥር ላይ ነው የሄዱት፤ ያኔ ምንም አይታይም። መስከረም ላይ ጤፉ ቁመት ሲይዝ ይሂዱ። በረት የነበረበት ቦታ ላይ ጤፉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከሌላው ይረዝማል፣ ቶሎ ይጋደማል። የስንት ዓመት ፍግ አለበትና። ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ግን ወለሉ ተደምድሞ ስለኖረ ጤፉ ሳስቶ ይታያል። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተደጋገሙ ረድፉን አገኙት ማለት ነው። የቅንጭብ አጥሮችንም ይመልከቱ። ገበሬ በራሱ ያጠረው አጥር እንደ መሬቱ ይጠማዘዛል። ብዙ ርቀት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቅንጭብ ካዩ የካድሬው ገመድ ያለፈበት ሳይሆን አይቀርም። የመጅና የወፍጮ ድንጋይ ስባሪም ይፈልጉ። ካገኙ አያንሱት፤ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ቦታውን ይመዝግቡ።

አሁን ያሉትን 9 ቤቶች ደግሞ በአንድ ጥያቄ ይመርምሯቸው፤ «እናንተ ለምን ቀራችሁ?» ብዙዎች የሄዱትን ብቻ ይጠይቃሉ። የቀሩት ብዙ ጊዜ የሚመለሱበት ማሳ ያልነበራቸው ናቸው። የባቡር ሠራተኛ ልጆች፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ በእጅ ሙያ የሚኖር ሰው። ወይም ደግሞ ማሳቸው በአጋጣሚ መንደሩ አጠገብ የነበረ ዕድለኞች። ዘጠኙን ቤት አንድ በአንድ ከጠየቁ የመንደሯን ታሪክ ግማሹን ያገኛሉ።

ሦስተኛው የመሬት ጉዳይ ነው። አያትዎ አልጠቀሱትም፤ ዛሬ ሰዉን የሚያንቀሳቅሰው ግን ይኼ ነው። ለምሳሌ አንድ አባት በደርግ ድልድል 2 ሄክታር ደርሶት ነበር እንበል። አራት ልጆች አሉት። ለእያንዳንዱ ግማሽ ሄክታር ይደርሳል። በ1999 የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130 ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ይዞታ ከግማሽ ሄክታር በታች እንዳይቆራረጥ ደንግጎ ነበር። ስለዚህ የልጅ ልጆቹ ሕጋዊ ድርሻ እዚያ ላይ ያልቃል። ሰፊው ድልድል የቆመው ከደርግ ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ከቤተሰቡ ካላገኘ፣ ወይ ካልተከራየና የእኩል ካላረሰ በቀር መሬት የለውም።

በዚህ ላይ ቦሰት ዝናብ አጠር ነው። ክረምቱ ዘግይቶ ይገባል፣ ቀድሞ ይወጣል። የመልካሳ እርሻ ምርምር ማዕከል ቶሎ የሚደርሱ የቦሎቄና የበቆሎ ዝርያዎችን በማውጣት ብዙ ረድቷል፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ነገር ግን ግማሽ ሄክታር ላይ ጥሩ ዘር ቢዘሩም ስድስት ሰው ዓመቱን ሙሉ አያበላም። ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት መምጣቱ የችግሩን ልክ ያሳያል።

«ወጣቱ ሥራ ጠልቶ ነው ከተማ የሚገባው» የሚሉ አሉ። አልቀበለውም። መሬት ሳይኖረው ምን ይሥራ? አዳማ መጥቶ ባጃጅ የሚነዳው፣ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ የሚሸከመው ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹ ቀድመው ይወጣሉ። ሕጉ ላይ እኩል መብት አላቸው። በተግባር ግን ማሳው ሲከፋፈል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ለወንዱ ነው፤ እሷ «ታገባለች» ይባላል። ስለዚህ ወይ በጋብቻ፣ ወይ አረብ አገር፣ ወይ ከተማ ትወጣለች። ከ2011 ወዲህ የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ሌላ በር ከፍተዋል።

የአዳማን ቁጥር ከዚህ ጎን ያስቀምጡት። በ1976 ቆጠራ 76,284 ሰው ነበራት። በ1987 127,842። በ1999 220,212። በ23 ዓመት ውስጥ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህ ሁሉ ሰው አዳማ ውስጥ አልተወለደም። የእርስዎን ቤተሰብ ጨምሮ ብዙው ከእንደዚህ ዓይነት መንደሮች የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ልጨምር። በ1999ኙ ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ ዕድገት በዓመት 2.6 በመቶ ነበር። በዚህ ፍጥነት ሕዝብ በ27 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። መንደርዎ በ1982 100 አባወራ ከነበራት፣ ማንም ባይሄድ ኖሮ ዛሬ ከ200 በላይ ይሆኑ ነበር። ስለዚህ የሚፈልጉት የጠፉትን 91 ቤቶች ብቻ አይደለም። ያልተሠሩትንም ቤቶች ነው፤ በዚያ መሬት ላይ ሊቆሙ ሲገባ አዳማ፣ ወለንጪቲ ወይም ሪያድ የቆሙትን። የመንደር መሳሳት ትክክለኛ ልኩ ይህ ነው።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ ባጭሩ ልለፋቸው። ውሃውን ይጠይቁ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ከልጅነታቸው የጠጡት ሰዎች ጥርሳቸው ይበልዛል፣ ሲብስ አጥንትም ይጎዳል። አንድ ጉድጓድ ሲዘጋና ሌላ ቦታ ቦኖ ሲከፈት ቤቶች ቀስ ብለው ወደ ቦኖው ይጠጋሉ። የትምህርት ቤት መዛወርም እንዲሁ። መንደርዎ በቆቃ በኩል ቢሆን ኖሮ ግን መልሱ ሌላ ነበር፤ እዚያ ግድቡ በ1952 ሲያልቅ ማሳውንም መንደሩንም ውሃው ነው የዋጠው።

ስለ ቀበሌው ቁጥር ይህን ይወቁ። በኢትዮጵያ ከ1999 በኋላ ሕዝብና ቤት ቆጠራ አልተደረገም። ከዚያ ወዲህ የሚሰሙት ቁጥር በአብዛኛው ከ1999 እየተነሳ የተሰላ ግምት ነው። ስሌቱ ሰው እንደሚጨምር አስቀድሞ ይወስዳል፤ አንዲት መንደር ብትፈርስ አያውቅም። ቁጥሩ ዝቅ እንዲልለት የሚፈልግ ቀበሌም ብዙ የለም። ከግምቱ የተሻለ ከፈለጉ ጤና ኬላ ይሂዱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለየቤቱ የቤተሰብ ማህደር ይይዛሉ። ቤት ለቤት ስለሚዞሩ የትኛው ቤት እንደተዘጋ ከማንም በላይ ያውቃሉ። የሰው የግል ማህደር እንዲያሳዩዎት አይጠይቁ፤ በጎጥዎ ስንት ቤት እንዳለ ብቻ ይበቃዎታል።

የድሮዎቹ ቆጠራዎችም ይጠቅማሉ። ግን እስከ ቀበሌ እንጂ እስከ ጎጥ አይወርዱም። የ1987ቱንና የ1999ኙን የቀበሌ ቁጥር ሲያወዳድሩ መጀመሪያ የቀበሌው ወሰን ተቀይሮ እንደሆነ ያጣሩ። ሁለት ቀበሌ ሲዋሃድ ቁጥሩ በአንድ ሌሊት እጥፍ ይሆናል። ከተማ ሲሰፋና የገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ሲገባ ደግሞ አንድም ሰው ሳይነቃነቅ የገጠሩ ሕዝብ በወረቀት ላይ ይቀንሳል።

ታሪኩን ከየት ልጀምር ላሉት፣ ከእድሩ ይጀምሩ። ከቆጠራም ከቀበሌም በፊት። የእድር መዝገብ ላይ የአባላት ስም በየዓመቱ አለ። ማን ወርሃዊ ከፈለ፣ ማን አቋረጠ፣ ማን ሞተ፣ ማን «አገር ለቋል» ተብሎ ተሰረዘ፣ ሁሉም እዚያ ነው። መዝገቡ ብዙ ጊዜ በጸሐፊው ቤት፣ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ጸሐፊው ካረፉ ልጆቻቸው ጋር ነው። ልጆቹ ቤት ሲያድሱ «አሮጌ ደብተር» ብለው ሊጥሉት ስለሚችሉ ይህን አያዘግዩት። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ቀጥሎ አያትዎ። «ስንት ሰው ነበር?» ብለው አይጠይቋቸው። ሰው የሚያስታውሰው ፊትና በር ነው፤ ድምር አይደለም። ትልቅ ወረቀት ዘርግተው ሀዲዱን በአንድ መስመር ይሳሉ። ጣቢያውን ያስቀምጡ። ከዚያ «ከጣቢያው ሲወጡ የመጀመሪያው ቤት የማን ነበር?» ይበሉ። ቤት በቤት ይሂዱ። ለእያንዳንዱ ቤት ማን እንደኖረበት፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼና ወዴት እንደሄደ ይጻፉ። ይህን ሁለቴ ያድርጉት፤ አንዴ ለባቡሩ ዘመን፣ አንዴ ለመንደር ምስረታው። ሁለቱ ወረቀት እንዳይደባለቅ። አያትዎ ሲደክማቸው ያቁሙ፣ በማግስቱ ይቀጥሉ። ከቻሉ ሌላ አንድ የእሳቸውን ዕድሜ የያዙ ሰው አብረው ያስቀምጡ፤ ሁለት ሽማግሌ ሲከራከሩ የሚወጣው ነገር ከአንድ ሰው ቃለ መጠይቅ ይበልጣል። ዓመት ከጠፋባቸው በሚያውቁት ነገር ይያዙት። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው? መሬት ላራሹ ሳይታወጅ ነው? ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው?

ከዚያ በኋላ ፎቶ። አዲስ አበባ ያለው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የቀድሞውን የካርታ ሥራዎች ድርጅት ንብረት ይዟል። በ1950ዎቹ ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶዎች አሉት። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ያነሷቸውም አሉ፤ እነሱ ግን አገሩን በሙሉ አይሸፍኑም። የ1፡50,000 ካርታም ይጠይቁ፤ ሀዲዱና ጣቢያዎቹ ይታዩበታል። ለቅርቡ ዘመን ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮ ምስሎችን ወደ ኋላ እየመለሱ ማየት ይችላሉ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ያለውን ቤት በቤት ያሳይዎታል።

ሰነድ ሲፈልጉ በዛሬው ስም አይፈልጉ። በወመዘክርም (በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ሆነ በሌላ መዝገብ ቤት የእርስዎ አካባቢ «ሸዋ፣ የረርና ከረዩ አውራጃ፣ ናዝሬት» በሚለው ሥር ነው ያለው። «ምሥራቅ ሸዋ፣ ቦሰት፣ አዳማ» ብለው ቢጠይቁ «የለም» ብለው ይመልሱዎታል። የባቡሩን ወገን ለገሃርና ድሬዳዋ ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ። የጣቢያ ሠራተኛ የነበሩ ጡረተኞች አዳማም ውስጥ አሉ፤ ከወረቀቱ በፊት እነሱን ያግኙ።

መንደሯ ትመለስ ይሆን ብለው አልጠየቁም፤ አያትዎ ግን ሳይጠይቁዎት አይቀሩም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ተመርቆ ከታህሳስ 2010 ጀምሮ መደበኛ ሥራ ላይ ነው። ሀዲዱም ሰፊ ነው፣ መስመሩም ሌላ ነው፣ የሚቆመው በጥቂት ትልልቅ ጣቢያዎች ነው። በድሮዎቹ ትንንሽ ማቆሚያዎች አይቆምም። መንደሯን ዳግም የሚሰበስባት ነገር ከመጣ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው፤ መስኖ፣ ወይም ጥሩ ውሃና መንገድ። በወረዳው ግብርናና ውሃ ጽሕፈት ቤቶች ለዚያ ጎጥ የታሰበ ነገር ካለ መጠየቅ አይከፋም።

የእድሩ መዝገብ ከተገኘ ገጾቹን በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። የተሰረዙትን ስሞች ከነዓመታቸው አውጥተን አያትዎ ከሳሉት ካርታ ጋር እናመሳክረዋለን። ያኔ መንደሯ የሳሳችው በ1982 በአንድ ጊዜ ይሁን ወይም ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ፣ በግምት ሳይሆን በስም ለይቼ እመልስልዎታለሁ።